ጥሎሹ በማን እጅ ገባ? የሠርግ ሀብት፣ ባህልና ሕግ በተለያዩ አገሮች

ዝናብ ሲቀር ገበሬ ሴት ልጁን ቶሎ ይድራል ወይስ ያቆያል? መልሱ እንደየአገሩ ይለያያል። ሉቺያ ኮርኖ፣ ኒኮል ሂልደብራንትና አሌሳንድራ ቮይና እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮችንና ሕንድን ጎን ለጎን አስቀምጠው የድርቅ ዓመታትን ከልጃገረዶች የጋብቻ ዕድሜ ጋር አመሳክረዋል። በአፍሪካ በኩል ድርቅ በገባበት ዓመት ልጃገረዶች ያለ ዕድሜያቸው የመዳራቸው ነገር ይጨምራል፤ በሕንድ ግን ይቀንሳል። ረሃቡ አንድ ነው፤ የወላጅ ጭንቀትም አንድ ነው። የሚለየው በሠርጉ ሰሞን ሀብቱ የሚሄድበት አቅጣጫ ነው። የወንዱ ወገን ከብት ነድቶ በሚመጣበት አገር ሴት ልጅን መዳር ለተራበ ቤት እፎይታ ያመጣል። የሴቷ ወገን ገንዘብ ቆጥሮ በሚሰጥበት አገር ደግሞ መዳር ራሱ ወጪ ስለሆነ ቤቱ እስኪያገግም ልጅቷ ትቆያለች።

ይህን ግኝት ከፊት ያስቀመጥሁት፣ ስለ ሠርግ ባህል መለወጥ በእኛ ዘንድ የሚጻፈው ጽሑፍ አብዛኛው በዓይን በሚታየው ላይ ስለሚቀር ነው። ቬሎው፣ ኬኩ፣ የመኪናው ሰልፍ፣ አዳራሹ፣ ካሜራው ይነሣሉ፤ «ባህላችን ጠፋ» ይባላል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ልብስና ዜማ ግን ሁልጊዜም ሲለዋወጡ የኖሩ ናቸው። ዛሬ ዓለም ሁሉ የአውሮፓ ጥንታዊ ባህል አድርጎ የሚያየው ነጭ ቬሎ እንኳ በሰፊው የተለመደው ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1840 ነጭ ለብሳ ካገባች ወዲህ ነው። የጋብቻን ጠባይ ለማወቅ የሚሻ ሰው ከልብሱ አልፎ ሻንጣው ውስጥ ያለውን፣ በረቱ ውስጥ የገባውን፣ በፖስታ ታሽጎ የተሰጠውን መከተል አለበት።

መከራከሪያዬን ባጭሩ ላስቀምጥ። የሠርግ ሀብት ብዛቱ ወይም ማነሱ ብቻውን ስለ ጋብቻው ብዙ አይነግረንም። ወሳኞቹ ጥያቄዎች ሀብቱ በስተመጨረሻ በማን እጅ እንደሚያርፍ፣ ትዳሩ የፈረሰ እንደሆነ ደግሞ ሴቲቱ ምን ይዛ፣ በምን ዕዳ እንደምትወጣ ናቸው። በየአገሩ የወጡት ሕጎች በዚህ ዓይን ሲታዩ መልክ ይይዛሉ። ስጦታውን ጨርሶ ለማገድ ወይም መጠኑን ለመወሰን የተነሡት ሕጎች በአመዛኙ በወረቀት ላይ ቀርተዋል። ሀብቱ የሚያርፍበትን እጅና የትዳሩን መውጫ በር የነኩት ግን፣ ቀስ ብለውም ቢሆን፣ ሴቶች የሚጨብጡት ነገር ሰጥተዋል።

የሥነ ሰብእ ምሁራን ለጉዳዩ ሰፊ ካርታ ሥለውለት ነበር። ጃክ ጉዲና ስታንሊ ታምባያ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት መጽሐፍ ጉዲ ሁለት ዓለማትን ለየ። በአፍሪካ ከወንዱ ወገን የሚመጣው ሀብት ወደ ሴቷ ዘመዶች ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜም ለወንድሟ ሚስት ማግቢያ ስለሚውል ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። በአውሮፓና በእስያ ግን ወላጆች ለሴት ልጃቸው የሚሰጡት ሀብት ከሞታቸው በፊት የምትወስደው ውርስ ነው። ከእርሱ ቀደም ብላ ኤስተር ቦዝሩፕ እ.ኤ.አ. በ1970 ጉዳዩን ከእርሻ ሥራ ጋር አያይዛው ነበር፤ ሴቶች በዶማ በሚቆፍሩበት አገር ጉልበታቸው ስለሚፈለግ ወንዱ ይከፍላል፣ ማረሻ በገባበት ግን ክፍያው ይገለበጣል። ካርታው ጠቃሚ ነው፤ ግን በሬ ጠምዶ የሚያርሰው የኢትዮጵያ ደጋ በየትኛውም ወገን በቀላሉ አይገባም። በአፍሪካ ምድር ሆኖ የማረሻ አገር ነው፤ ሀብቱም ከወንድም ከሴትም ወገን ሲዋጣ የኖረበት ልማድ አለው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ሕንድን ሳይመረምሩ ስለ ሠርግ ሀብት መናገር አይቻልም፤ የእገዳ ሕግ ዕጣ ፈንታ በግልጽ የታየው እዚያ ነውና። ደሄጅ የሚባለው፣ የሴቷ ወገን ለወንዱና ለቤተሰቡ የሚሰጠው ሀብት፣ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከላይኞቹ መደቦች ወጥቶ ቀድሞ ወንዱ ይከፍልባቸው ወደነበሩት ማኅበረሰቦች ሁሉ ተስፋፋ። የአገሪቱ ታዋቂ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ኤም. ኤን. ስሪኒቫስ እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳሳየው የዘመኑ ደሄጅ ከጥንታዊው ለልጅ ከሚሰጥ ስጦታ ጋር ሥሩ አንድ አይደለም። የቅኝ ግዛቱ ዘመን ትምህርት፣ ደመወዝተኛነትና የመንግሥት ሥራ አዲስ ዓይነት ሙሽራ ፈጠሩ፤ ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚያገኝ ወንድ ብርቅ ሆነ፤ ብርቅ ነገር ደግሞ ዋጋው ይንራል። ዘመናዊነት ልማዱን ያዳክመዋል ተብሎ ሲጠበቅ ይብሱን አደለበው። ሥልጣኔ ሲገባ አሮጌ ልማድ በራሱ ጊዜ ይሞታል ብሎ ለሚያምን ሰው ከዚህ የበለጠ ማስተማሪያ የለም።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1961 የደሄጅ ክልከላ ሕግ አወጣ። ሕጉ ሰጪንም ተቀባይንም እኩል ወንጀለኛ ያደርግ ነበር። ልጁን ድሮ ንብረቱ የተራቆተ አባት አቤት ቢል በራሱ ላይ መመስከሩ ነውና ማን ደፍሮ ይከሳል? ልማዱ በአደባባይ «ስጦታ» እየተባለ ቀጠለ። በ1980ዎቹ ገና ያላለቀ ደሄጅ የሚጠየቅባቸው ሙሽሮች በአማቶቻቸው ቤት በእሳት ተቃጥለው መገኘታቸው ሕዝብን አደባባይ ሲያስወጣ፣ በ1983 ባልና ዘመዶቹ በሚስት ላይ የሚያደርሱት ጭካኔ ራሱን የቻለ ወንጀል ሆነ፤ በ1986 ደግሞ በጋብቻዋ ሰባት ዓመታት ውስጥ ከደሄጅ ጋር በተያያዘ እንግልት ተፈጥሯዊ ባልሆነ መንገድ የሞተች ሴት ጉዳይ የራሱ አንቀጽ ተደነገገለት። ዛሬም የአገሪቱ የወንጀል መዝገብ በዓመት ከ6,000 የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ሞቶችን ይመዘግባል። እገዳው ስድሳ ዓመት አልፎታል።

ከዚያው ሕግ ውስጥ ግን ብዙ የማይነሣ አንድ አንቀጽ አለ። 6ኛው አንቀጽ፣ ደሄጁን ከሙሽሪት ሌላ ሰው ተቀብሎት ከሆነ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ለእርሷ እንዲያስረክብ ያዝዛል። ይህን መንፈስ ያጠናከረው የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1985 የሰጠው ውሳኔ ነው። በሂንዱ ባህል ለሴቷ በስሟ የተሰጠ ጌጥ፣ ልብስና ገንዘብ ስትሪዳን ይባላል። ባልየው «አንድ ቤት ስለገባ የጋራችን ሆኗል» ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም፤ ሀብቱ ፍጹም የእርሷ ነው፣ ባልና አማቶች አደራ ጠባቂዎች እንጂ ባለቤት አይሆኑም፣ አደራውን መልሱ ሲባሉ እንቢ ያሉ እንደሆነ በእምነት ማጉደል ይጠየቃሉ አለ። እስከዚያ ድረስ ለብዙ ሴቶች ስትሪዳን «ላም አለኝ በሰማይ» ነበር፤ ወርቁ በስሟ ይጠራል፣ ቁልፉ ግን በአማቷ ወገብ ላይ ነው። በዚያው ዓመት የወጣ ደንብ ደግሞ በሠርጉ ጊዜ የተሰጡ ስጦታዎች ሁሉ በዝርዝር እንዲጻፉ፣ ዓይነታቸው፣ ግምታቸውና የሰጪው ስም ከዝምድናው ጋር እንዲመዘገብ፣ ሙሽራውና ሙሽሪትም እንዲፈርሙበት አዘዘ። በ1961 ለመቅጣት የተነሣው መንግሥት ከሃያ አራት ዓመት በኋላ ወደ መመዝገብ መጣ። ሁለተኛው ሐሳብ ከመጀመሪያው የተሻለ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ሴቲቱ አባቷን ሳታሳስር የራሷን ማስመለስ የምትችልበት መንገድ ነውና።

የውርስ ሕግ ለውጥም እንዲሁ በቀጥታ የታሰበውን አላመጣም። አንዳንድ የሕንድ ክፍለ ግዛቶች ከማዕከላዊው የ2005 ማሻሻያ አስቀድመው ሴቶች ልጆች ከአባቶች ርስት እኩል እንዲካፈሉ ፈቅደው ነበር። ሳንቻሪ ሮይ ውጤቱን ስትመረምር፣ አባቶች ድርሻቸውን በሕይወት ሳሉ ለወንዶች ልጆቻቸው በስጦታ እያስተላለፉ ሕጉን እንዳመለጡት፣ ለሴቶቹ ግን ካሳ ይሁን ብለው ደሄጃቸውን ወይም ትምህርታቸውን እንደጨመሩላቸው አገኘች። ርስቱ ወንዱ ጋ ቀረ፤ ሴቷ የምትሸከመው ነገር ተሰጣት።

በቻይና መንገዱ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ የሚከፍለው ወንዱ ነው። ካይሊ የሚባለው የእጮኝነት ሀብት ዘመኑን ተከትሎ ልብሱን ይለዋውጣል። በ1970ዎቹ የሚጠየቀው «ሦስት የሚሽከረከሩና አንድ የሚጮህ» ነበር፤ ብስክሌት፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ የእጅ ሰዓትና ሬዲዮ። ኋላ ቴሌቪዥን፣ ማቀዝቀዣና ልብስ ማጠቢያ መጡ፤ ከዚያም ቤትና መኪና። በአንዳንድ ገጠሮች ጥያቄው በገንዘብ ኖቶች ቀለም ይነገር ጀመር፤ አሥር ሺህ ሐምራዊ፣ አንድ ሺህ ቀይ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ መስክ የሚሞላ። ሐምራዊው ባለ 5፣ ቀዩ ባለ 100፣ አረንጓዴው ባለ 50 ዩዋን ኖት ነው። አረንጓዴው ሳይቆጠር ብቻ 150,000 ዩዋን ይሞላል፤ ለገበሬ ቤት የብዙ ዓመት ልፋት ነው። ኖቶቹ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው የሁለቱ ወገን ዘመዶች እያዩ ይቆጠራሉ።

ምክንያቱ በሥነ ሕዝብ ውስጥ ይገኛል። ከ1980 ገደማ ጀምሮ በጸናው የአንድ ልጅ ፖሊሲና በወንድ ልጅ ፍላጎት ሳቢያ በ2004 አካባቢ ለ100 ሴቶች ልጆች 121 ያህል ወንዶች ይወለዱ ነበር። እነዚያ ወንዶች ዛሬ ሚስት ፈላጊ ሆነዋል። ሴቶች ደግሞ ከገጠር ወደ ከተማ ይሄዳሉና የክፍያው ጫና የሚበረታው በድሃው መንደር ወንድ ላይ ነው። ጋብቻን አሳብቦ ገንዘብ መጠየቅን የ1950ው የጋብቻ ሕግ ከልክሎ ነበር፤ ዛሬ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግም ደግሞታል። የተቀየረ ነገር አልነበረም። ከየካቲት 1 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጸናው የጠቅላይ ሕዝብ ፍርድ ቤት መመሪያ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ክልከላውን ሳይነካ ጥያቄውን ወደ ፍቺ አዞረው፤ ትዳሩ ቢፈርስ ካይሊው ይመለሳል ወይ? ዳኞች ጥንዶቹ ምን ያህል አብረው እንደኖሩ፣ ጋብቻው ተመዝግቦ እንደሆነ፣ ገንዘቡ ለጋራ ኑሮ ወጥቶ እንደሆነ፣ እርግዝናና ልጅ መኖሩን እንዲያዩ ታዘዙ። ከፍቺ ውጭ በሚነሣ የእጮኝነት ሀብት ክስ ደግሞ ወላጆች ተከራካሪ ሆነው መግባት እንደሚችሉ ተደነገገ። ገንዘቡን የሚሰጡትም የሚቀበሉትም ብዙ ጊዜ ወላጆች መሆናቸውን ሕግ አምኖ ሲቀበል ማየት፣ ጋብቻ የሁለት ሰዎች ብቻ ጉዳይ ነው ከሚለው የወረቀት እምነት የበለጠ ሐቀኝነት አለበት። ለሴቲቱም ቢሆን እርግዝናና የቤት ውስጥ ልፋት በሚዛኑ ላይ መቀመጣቸው ትንሽ ነገር አይደለም።

ይኸው የመመለስ ጥያቄ በኡጋንዳ የከፋ ፊት አለው። በቶሮሮ የተመሠረተው ሚፉሚ የተባለ የሴቶች መብት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 የማጫ ልማድ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ሲል ከሰሰ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በነሐሴ 2015 (እ.ኤ.አ.) ውሳኔ አገኘ። አብላጫዎቹ ዳኞች ማጫ መስጠትን ራሱን ሕገ መንግሥታዊ ነው ብለው አለፉት፤ ሴቲቱ ስትፈታ ከብቶቹ እንዲመለሱ መጠየቅን ግን የሰብእናዋን ክብር የሚነካ ነው ብለው ሻሩት።

ይህ ውሳኔ የሚያበራው ነገር የሚገባን የከብቶቹን ጉዞ ስንከተል ነው። ባሏ የሚደበድባት ሴት ወደ አባቷ ቤት ብትሸሽ የባሏ ዘመዶች ከብታቸውን ሊጠይቁ ይመጣሉ። ከብቶቹ ግን በረት ውስጥ የሉም፤ ወንድሟ አግብቶባቸዋል፣ ወይም ታመው ሞተዋል፣ ወይም ለትምህርት ቤት ክፍያ ተሸጠዋል። እናትና አባቷ የሚመልሱት ከሌላቸው ያላቸው ምርጫ አንድ ብቻ ነው፤ «ቻይው ልጄ» ብለው መልሰው መላክ። ወንድሟም ትዳሩ በእርሷ ትዳር ላይ የቆመ ስለሆነ እንድትመለስ ይፈልጋል። ስለዚህ በሩን የዘጋባት ማጫው ሳይሆን ተመላሽነቱ ነበር። ፍርድ ቤቱ ልማዱን ሳይነቅል ያንን መቀርቀሪያ ብቻ አነሣ። ማጫን ጨርሰው ያጥፉት ሲሉ የነበሩ ሴቶች ቅር መሰኘታቸው አይፈረድባቸውም፤ እኔ ግን ከዚያ ይልቅ ይህ ትንሽ ውሳኔ ብዙ በር እንደከፈተ አምናለሁ።

በደቡብ አፍሪካ ጥያቄው ወደ ማስረጃ ይዞራል። በሕዳር 2000 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ላይ የዋለው የባህላዊ ጋብቻ ዕውቅና ሕግ በሎቦላ፣ ማለትም በአገሩ ማጫ፣ የሚፈጸም ጋብቻን ሙሉ ጋብቻ አድርጎ ተቀበለ። ሎቦላ ዛሬ በብዛት በራንድ ነው የሚከፈለው፤ ድርድሩ ግን አሁንም በላም ቁጥር ይካሄዳል፤ የሁለቱ ወገን አጎቶች ተቀምጠው የተስማሙበትን የሎቦላ ደብዳቤ ይፈርማሉ። ሕጉ ጋብቻው «በባህሉ መሠረት የተደራደሩበትና የተፈጸመ ወይም የተከበረ» መሆኑን ይጠይቃል፤ መቼ ተፈጸመ ይባላል የሚለው ግን አጨቃጨቀ። አንድ ታዋቂ ዘፋኝ በ2018 ሲሞት አባቱ ሚስቱ ነኝ ያለችው ሴት ሚስቱ እንዳልነበረች፣ «ሙሽሪትን የማስረከብ» ሥርዓቱ ስላልተፈጸመ ጋብቻው እንዳልጸና ተከራከረ። የይግባኝ ሰሚው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2020 ያየው ማስረጃ ይህ ነበር፤ በየካቲት 2016 የተፈረመ የሎቦላ ስምምነት፣ በዚያው ቀን የሙሽራው አክስቶች ሙሽሪትን ከእርሱ ልብስ ጋር የሚስማማ የሠርግ ልብስ አልብሰው ወደ ቤተሰቡ ሲቀበሏት፣ ከዚያም ጥንዶቹ አብረው መኖራቸው። ማስረከቡ ለብቻው የጋብቻው ሕይወት ሊሆን አይችልም ተባለ፤ ጋብቻውም ጸና። አክስቶች ልብስ ያለበሱበት ቅጽበት ሚስት መሆኗን መሰከረላት።

ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸሩ የእንግዳ ቁጥር የሚቆጥሩ ሕጎች ብዙ አይነግሩንም። ታጂኪስታን እ.ኤ.አ. በ2007 የሠርግ እንግዳ ከ150፣ ድግሱም ከሦስት ሰዓት እንዳይበልጥ ወሰነች። ደቡብ ኮሪያ ደግሞ በ1973 ባወጣችው የቤተሰብ ሥርዓት ሕግ በሠርግ ላይ ለእንግዳ ምግብና መጠጥ ማቅረብን ጭምር ከልክላ ነበር፤ የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ1998 እስኪሽረው ድረስ ሕዝቡ ሲበላ ኖሯል። ዛሬም በአዳራሹ መግቢያ ላይ የሁለቱ ቤተሰብ ጠረጴዛዎች ይቆማሉ፤ እንግዳው በነጭ ፖስታ ያመጣውን ገንዘብ ይሰጣል፣ ስሙና መጠኑ በመዝገብ ይሰፍራል፣ የምሳ ቲኬት ይቀበላል። ያ መዝገብ ቤት ውስጥ ይቀመጣል፤ ነገ የሰጪው ልጅ ሲዳር ምን እንደሚመለስ የሚታየው ከእርሱ ነው። መንግሥት የሚቆርጠው የእንግዳ ቁጥር እንዲህ ያለውን የብድር መረብ ሊነካው አይችልም፤ ምክንያቱም እንግዳ መጥራት ብድር መክፈል ጭምር ነው።

ከመጨረሻው ጉዳይ በፊት የራሴን ሐሳብ የሚፈታተን አንድ ጥናት ማንሣት አለብኝ። ናቫ አሽራፍ፣ ናታሊ ባው፣ ናታን ነንና አሌሳንድራ ቮይና እ.ኤ.አ. በ2020 ኢንዶኔዥያንና ዛምቢያን መርምረዋል። ኢንዶኔዥያ በ1970ዎቹ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ61,000 በላይ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ሠርታ ነበር። የሴቶች ትምህርት የጨመረው ግን ወንዱ ማጫ በሚከፍልባቸው ብሔረሰቦች ዘንድ ነው፤ በሌሎቹ ለውጡ አልታየም። የተማረች ልጅ ከፍ ያለ ማጫ ስለምታመጣ ወላጅ ለትምህርቷ ያወጣውን በሠርጓ ቀን ያገኘዋል። ዛምቢያም ውስጥ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ማጫን «ሴትን መሸጥ ነው» ብሎ በአንድ ቃል የሚዘጋ ሰው ይህን እንዴት ይመልሰዋል? እኔ ጥናቱን ለማጫ ጥብቅና አድርጌ አላነበውም። አባት ልጁን የሚያስተምረው በዋጋዋ ምክንያት ከሆነ ያሳዝናል፤ ነገር ግን ልጅቷ የተማረችው ትምህርት በራሷ ጭንቅላት ውስጥ ይቀራል፤ ማንም አስመልሱልኝ አይላትም። እንደ ኡጋንዳ ከብት ተመላሽ፣ እንደ ሕንድ ወርቅ በአማት ቁልፍ ሥር የሚቀመጥ አይደለም። ለዚህም ነው ጥያቄው ከመጠኑ ይልቅ ወደ ማረፊያው እጅ መዞር ያለበት።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በፍቅር እስከ መቃብር ላይ የሰብለ ወንጌልን ትዳር የሚያዘገየው የሀብት ማነስ አልነበረም፤ አባቷ ከዘራቸው የሚተካከል ሲያጡ ነው። በመኳንንቱ ዘንድ ዘር ሚዛን ሲሆን፣ በገበሬው ዘንድ ግን ሽማግሌ የሚላላክበት ዋና ጉዳይ ጎጆ መውጫው ነበር። በሰሜኑ ደጋ በሰማንያ ጋብቻ የሁለቱም ወገን ወላጆች ላምና በሬ፣ በግና እህል ያዋጣሉ፤ የወንዱ ጥሎሽ ደግሞ ልብስና ጌጥ ሆኖ በስሟ ይሰጣታል። ልማዱ በሐሳቡ እኩልነት ነበረው። ማርሴል ፋፍሻምና አግነስ ክዊሱምቢንግ እ.ኤ.አ. በ1997 በ15 የኢትዮጵያ መንደሮች በተሰበሰበ መረጃ ሲያዩት ግን ሙሽራው ይዞት የሚመጣው መሬትና ከብት ሙሽሪት ከምታመጣው በብዙ ይበልጣል። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላው ግኝታቸው ነው፤ አንድን ሀብት «የእኔ ነው» ማለት፣ በትዳር ውስጥ በእርሱ ማዘዝና ሲፋቱ ይዞ መሄድ በከፊል ብቻ የሚገናኙ የተለያዩ ነገሮች ሆነው ተገኝተዋል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ በቀጥታ ይሠራል፤ በርካታ ክልሎችም ተመሳሳይ ሕጎች አውጥተዋል። አንቀጽ 57 ተጋቢዎች በጋብቻቸው ዕለት የነበራቸው፣ ወይም ከዚያ በኋላ በውርስና በስጦታ ያገኙት ንብረት የግል ንብረታቸው ሆኖ እንደሚቀር ይደነግጋል። ጥሎሽ እንግዲህ የሴቲቱ ነው። አንቀጽ 63 ግን ማንኛውም ንብረት፣ በአንዱ ስም ቢመዘገብም እንኳ፣ የግሉ መሆኑን ካላስረዳ በቀር የጋራ እንደሆነ ይገመታል ይላል። ሁለቱ አንቀጾች ሲገናኙ ሸክሙ በማስረጃ ላይ ይወድቃል። ከአሥር ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት የቆመች ሴት የአንገት ሐብሉ ጥሎሿ መሆኑን በምን ታሳያለች? ወርቅ ቤቱ ደረሰኙን የሰጠው ለሙሽራው ወይም ለሚዜው ነው።

ችግሩ ከዓረብ አገር በተመለሱ ሙሽሮች ላይ ይበረታል። ቤይሩት ወይም ጅዳ ስትሠራ ኖራ በራሷ ላብ የገዛችውን ወርቅና ያጠራቀመችውን ገንዘብ ይዛ የምትዳር ሴት ዛሬ በየመንደሩ አለች። ገንዘቡ አስቀድሞ በወንድሟ ወይም በእናቷ ስም ተልኮ ቤት ተሠርቶበት ሊሆን ይችላል። የጋብቻው ጥሎሽ ከእርሷው የመጣ ያህል ሆኖ ሳለ፣ በወረቀት የሚታይ ነገር ግን የላትም። የአባቶች ልማድ ይህን ዓይነት ሙሽራ አላሰበም፤ ሕጉ ያስባታል፣ ማስረጃ ይጠይቃታል።

መሬት ላይ የተገኘው ውጤት ምን እንደሚቻል ያሳያል። በአማራ ክልል ለገበሬው በታደለው አረንጓዴ የይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን ይጻፋል፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ ይለጠፋል። ኔሃ ኩማርና ክዊሱምቢንግ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት የቤተሰብ ሕጉና የመሬት ምዝገባው አንድ ላይ ሆነው፣ በፍቺ ጊዜ ንብረት እኩል ይከፈላል የሚለውን ግንዛቤ በገጠሩ እንዳጠናከሩ አሳይተዋል። ፎቶዋ በደብተሩ ላይ ያለ ሴት ስለ መሬቷ ምስክር መፈለግ አያስፈልጋትም።

ለጥሎሹ ግን እንዲህ ያለ ደብተር የለም፤ ጉባኤው ግን አለ። በጥሎሽ ቀን ሽማግሌዎች በመደዳ ይቀመጣሉ፤ ሚዜው ሻንጣውን ከፍቶ ቀሚሱን ዘርግቶ ያሳያል፣ ጫማውን ከፍ ያደርጋል፣ የወርቁን ሳጥን ከፍቶ በዓይን ያዞራል፤ የእናትየው ልብስና የአባትየው ጋቢም በተራ ይቀርባሉ። የሴቷ ወገን «ይህ ብቻ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አንዳንዴም በእርግጥ ጎደለ ተብሎ ይጨመራል። እያንዳንዱ ዕቃ በስሙ ተጠርቶ፣ በሁለት ወገን ዓይን ተቆጥሮ፣ በምርቃት ይዘጋል። ሕንድ በ1985 በደንብ ያዘዘችው ዝርዝር በብዙ ቤት ሳይጻፍ የቀረው፣ ሙሽሪትና ሙሽራው ቁጭ ብለው ስጦታ የሚመዘግቡበትና የሚፈርሙበት ሰዓት በሠርጉ ሥርዓት ውስጥ ስላልነበረ ነው የሚል ግምት አለኝ። የእኛ ሥርዓት ያን ሰዓት ከጥንት ጀምሮ ይዞታል። ሽማግሌዎቹ የሚቆጥሩትን ዕቃ፣ ግራሙንና የሰጪውን ስም በሁለት ቅጂ ጽፈው ሁለቱም ወገን ቢፈርምበት፣ አንዱም ቅጂ በሙሽሪት እጅ ቢሰጥ፣ በአንቀጽ 63 ፊት ስትቆም የምትዘረጋው ወረቀት ይኖራታል።